የአምባሰል ዜማና የመድረክ ተዋናይነት፤ የወይዘሮ አስናቀች ወርቁ ጥበብ ሲመዘን

ስለ አማርኛ ቴያትር ታሪክ ሲነገር ደጋግሞ የሚሰማ አንድ አነጋገር አለ፤ ይኸውም «እገሊት አስቀድማ ዘፋኝ ነበረች፤ በኋላ ግን ተዋናይ ሆነች» የሚል ነው። አነጋገሩ ከላይ ሲታይ ተራ የሕይወት ታሪክ ይመስላል፤ ዳሩ ግን በውስጡ ፍርድ አዝሏል። ዘፋኝነትን ዝቅ ያለ ሥራ፥ ተዋናይነትን ከፍ ያለ ጥበብ አድርጎ ያስቀምጥና ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገርን እንደ ማዕርግ ዕድገት ይቈጥረዋል። ይህ ፍርድ የሚጸና መሆኑን ለመመርመር የሚሻለው መንገድ ከመድረኩ ሳይሆን ከዘፈኑ መነሣት ነው። ለዚህም በወሎ የሚገኘው የሐይቅና የአምባሰል አገር ተገቢ መነሻ ይሆናል፤ ከአራቱ የታወቁ የዜማ ቅኝቶች አንዱ የሚጠራው በዚሁ አገር ስም ነውና።

ከደሴ ተነሥቶ ወደ ወልድያ የሚሄደው መንገድ አስቀድሞ ሐይቅን፥ ቀጥሎም ውጫሌን ያገኛል። ይህ አገር በታሪክ ጸሓፊዎች ዘንድ የታወቀው በሦስት ነገር ነው። አንደኛው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሲሆን፥ በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዐ ያቋቋሙት የትምህርት ማዕከልና በ1280–81 የተጻፈው ወንጌላቸው በሊቃውንት ዘንድ ብዙ ተብሎላቸዋል (በዚህ ጽሑፍ የተመለከቱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ናቸው)። ሁለተኛው ጃንጥራር እየተባሉ ይጠሩ የነበሩት የአምባሰል ገዢዎች የትውልድ ሐረግ ነው፤ እቴጌ መነንም የጃንጥራር አስፋው ልጅ ነበሩ። ሦስተኛው ነገሥታት ወንድሞቻቸውንና ዘመዶቻቸውን ያግዙበት የነበረው፥ በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ምእመናን የሚሰበሰቡበት የግሼን አምባ ነው። ብራናውም፥ የትውልድ ሐረጉም፥ አምባውም ተመራማሪ አላጡም። አራተኛው መዝገብ ግን፥ ማለት ዘፈኑ፥ ለአዝማሪ የተተወ ሆኖ ኖሯል። ሴት ወደማትገባበት ገዳም የሴት ድምፅ አልደረሰም፤ በሹመት ሐረግም ውስጥ የሴት ስም የሚገኘው በጥቂቱ ነው። የአገሩ ሴት ስለ ራሷ ስትናገር የምትሰማው ከሁሉ ይልቅ በዜማው ነው። ስለዚህ ዘፈኑን አቃልሎ ማየት የዚያን አገር ግማሽ ሕዝብ ቃል አቃልሎ ማየት ይሆናል።

ቅኝት ማለት በአንድ በኩል የክራሩን አውታሮች ማስማማት ነው፤ በሌላ በኩል ደግሞ ዜማው የሚኖርበትን የድምፅ ሥርዐት መወሰን ነው። አራቱ ቅኝቶች ትዝታ፥ ባቲ፥ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ሲሆኑ፥ ከእነዚህ ሁለቱ፥ ባቲና አምባሰል፥ የወሎ ቦታዎች ስሞች ናቸው። እያንዳንዱ አምስት ድምፅ አለው። በሙዚቃ ትምህርት እንደሚጻፈው አምባሰል ከመነሻው ግማሽ ድምፅ ብቻ ይወጣል፤ ከዚያም ሁለት ሙሉ ድምፅ ይዘላል፤ ቀጥሎ አንድ ሙሉ ድምፅ፥ ከዚያም እንደገና ግማሽ ድምፅ ይሄዳል፤ በመጨረሻም ሁለት ሙሉ ድምፅ ዘሎ በላይ ወደሚገኘው መነሻው ይመለሳል። በኖታ ከዶ ቢጀመር ዶ፥ ሬ ቤሞል፥ ፋ፥ ሶል፥ ላ ቤሞል ይሆናል ማለት ነው።

እነዚሁን አምስት ድምፆች ሳይለውጡ መነሻውን ከዶ ወደ ፋ ቢያዛውሩት ፋ፥ ሶል፥ ላ ቤሞል፥ ዶ፥ ሬ ቤሞል ይገኛል፤ ይህም ማይነር የሚባለው ትዝታ ነው። እንግዲህ አምባሰልና ይህ ትዝታ በድምፅ ብዛትም ሆነ በድምፅ ዐይነት አይለያዩም፤ የሚለያዩት ዜማው የሚያርፍበት ድምፅ የትኛው ነው በሚለው ብቻ ነው። በትዝታ ጆሮ የሚያርፈው በፋ ላይ ሲሆን ከላዩ ያለው ድምፅ አንድ ሙሉ ድምፅ ይርቃል፤ በአምባሰል ግን ዕረፍቱ ዶ ሲሆን ሬ ቤሞል በግማሽ ድምፅ ልክ ከላዩ ተንጠልጥሎ ይቀመጣል። ዜማው ሊያርፍ ሲወርድ በዚያች ጠባብ ደረጃ ላይ ማለፍ ይችላል። በአምባሰል ዘፈን ውስጥ የሚሰማው፥ ያልተፈጸመ ነገርን የመሰለው ስሜት፥ አንዱ ምንጩ ይህ ነው። ያው አውታር፥ ያው ድምፅ፥ ዕረፍቱን ሲለውጥ ሌላ መልክ ይይዛል። ይህን ነጥብ ማስተዋል ያስፈልጋል፤ ስለ ዘፋኝና ስለ ተዋናይ ለሚነሣው ጥያቄም ያገለግላልና።

ከዜማው ወደ ቃሉ ሲመጣ፥ በእንዲህ ዐይነቱ ዘፈን ዘወትር የሚያገለግለው የወል ቤት የሚባለው ግጥም ነው። ስንኙ ዐሥራ ሁለት ቀለም ሲኖረው ከስድስተኛው ቀለም በኋላ ይከፈላል። ሁለት ስንኝ ተጋጥሞ አንድ ሐሳብ ይፈጽማል። ዘፋኙ የመጀመሪያውን ስንኝ ካሰማ በኋላ ክራሩን ወይም ማሲንቆውን ብቻውን ያናግረዋል፤ አድማጩም የሚመጣውን ቤት መምቻ እየገመተ ይጠብቃል። ሁለተኛው ስንኝ ሲመጣ ግምቱ ይፈጸማል፥ ወይም ይፈርሳል፤ ሰምና ወርቅ ያለበት ከሆነ ደግሞ የፊተኛው ስንኝ ትርጕም ወደ ኋላ ተመልሶ ይለወጣል። በዚህ መካከል ያለው ዝምታ የዘፋኙ ዋና ሥራ ነው። ፊቱን ወደ ማን እንደሚያዞር፥ ፈገግ ይል እንደ ሆነ፥ ዐይኑን ይሰብር እንደ ሆነ የሚታየው በዚያን ጊዜ ነው። ግጥሙ ብቻ በወረቀት ቢጻፍ፥ ዜማውም ብቻ በኖታ ቢሰፍር፥ ይህ ሁሉ ይቀራል።

ከዚህም በላይ፥ በዘፈኑ ውስጥ «እኔ» የሚለው ማን ነው ተብሎ መጠየቅ አለበት። በአዝማሪ ጨዋታ ቤት ከታዳሚው አንዱ «ተቀበል» ብሎ ግጥም ይሰጣል፤ አዝማሪውም ተቀብሎ በዜማ ያወርደዋል። የሰጪው ፍቅር፥ የሰጪው ቂም፥ የሰጪው ነገር በአዝማሪው አፍ «እኔ» እየተባለ ይነገራል። ቀጥሎ ሌላ ሰው ይሰጣል፤ ምናልባትም የፊተኛውን የሚነካ መልስ ይሆናል፤ አዝማሪው አሁንም «እኔ» እያለ ይዘፍነዋል። አንዲት አዝማሪ ባሏ ማሲንቆ እየመታላት ለማታውቀው እንግዳ የፍቅር ቃል ስትደረድር፥ ቃሉ የእርሷ እንዳልሆነ ባሏም እንግዳውም ያውቃሉ፤ ነገር ግን የእርሷ ካልመሰለ ጨዋታው አይሰምርም። የሌላውን ሰው ቃልና ስሜት ተቀብሎ የራስ አስመስሎ በሰው ፊት ማቅረብ ተዋናይነት ካልሆነ፥ ተዋናይነት ምን እንደ ሆነ ለማስረዳት ይቸግራል።

የአምባሰልን ዜማ ከወሎ ውጭ ለሚኖረው ሕዝብ በማሰማት ስማቸው ከሁሉ በፊት የሚነሣው ወይዘሮ ማሪቱ ለገሰ ናቸው። የወሎ ተወላጅ ሲሆኑ በደሴ ከነበረው ከላሊበላ የኪነት ቡድን ጋር የሠሩና በአምባሰል ዘፈናቸው የገነኑ ናቸው። በእርሳቸው ዘንድ የሚደነቀው የድምፁ ከፍታ ብቻ አይደለም፤ ቃሉን ከዜማው እያዘገዩ የሚያስጠብቁበት አኳኋን ነው። ቴያትር ተምረው ያገኙት አይደለም፤ ከአገሩ የአዘፋፈን ልማድ የወረሱት ነው። ስለዚህ የአምባሰል ዘፋኝ መድረክ ላይ ከመውጣቷ በፊት ራሷ መድረክ ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በዋና ከተማው ግን ይህ ጥበብ ከቴያትር ጋር በቅርብ ተገናኘ። ለዚህም ዋናዋ ምስክር ወይዘሮ አስናቀች ወርቁ ናቸው። የአዲስ አበባ ሰው ነበሩ እንጂ የወሎ ተወላጅ አልነበሩም፤ ሆኖም ክራራቸው የቆመው በእነዚሁ ቅኝቶች ላይ ነው። በክራርና በምሽት ጨዋታ ዓለም የታወቁ፥ ግጥም ፈጥኖ በመደርደርና ነገርን ሸፍኖ በመናገር የተደነቁ ነበሩ። በ1952 «የፍቅር ጮራ» በተባለው ቴያትር በመጫወታቸው በአገሪቱ መድረክ ላይ የመጀመሪያዪቱ ሴት ተዋናይ ተብለው ይጠራሉ። ከዚያ በፊት የሴትን ገጸ ባሕርይ ወንዶች የሴት ልብስ ለብሰው ይጫወቱት ነበር። በኋላም በ1955 በተከፈተውና ዛሬ ብሔራዊ ቴያትር በሚባለው በቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ቴያትር ለብዙ ዘመን በተዋናይነትና በዘፋኝነት አገልግለዋል። ያረፉት በመስከረም ወር 2011 ነው።

በእርሳቸው ጥበብ ውስጥ መጀመሪያ ሊታይ የሚገባው መሣሪያው ነው። ማሲንቆ በልማድ የወንድ መሣሪያ ነው፤ ከማሲንቆ ጋር የምትዘፍን ሴት ጊዜዋን የምትቀበለው ከሚመታላት ወንድ ነው። ክራር የያዘች ሴት ግን ዝምታውንም ንግግሩንም ራሷ ታዛለች። በሁለቱ ስንኞች መካከል ምን ያህል እንደምታስጠብቅ፥ የቱን ቃል በአውታር እንደምትሸፍን፥ የቱን ገልጣ እንደምትተው የምትወስነው እርሷ ናት። የወይዘሮ አስናቀችን ክራር የሰማ ሰው ይህን ሥልጣን ያስተውላል። ድምፃቸው ከንግግር እምብዛም አይርቅም፤ ዘፈኑን ከማስጌጥ ይልቅ ለአንድ ሰው እንደሚነገር ቃል አድርገው ያቀርቡታል። በአዳራሽ ሙሉ ሰው መካከል አንድን ሰው ለብቻው ያናገሩ ያስመስላሉ። ይህ የዘፋኝ ችሎታ ነው፤ የተዋናይም ችሎታ ነው።

እንግዲህ እንዲህ ያለች ዘፋኝ ወደ ቴያትር ስትገባ ምን አገኘች፥ ምንስ አጣች? የዚያ ዘመን የአማርኛ ቴያትር በአብዛኛው ግብረ ገብን ለማስተማር የተጻፈ፥ ረዣዥም ንግግር የሚበዛበት፥ ተዋናዩ ወደ ተመልካቹ ዞሮ ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚያሰማበት ነበር። የቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ቴያትር ሲከፈት የታየው የራስ ቢትወደድ መኰንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ከመጽሐፍ ቅዱስ የተወሰደ ታሪክ መሆኑ የዘመኑን መንፈስ ያሳያል። በእንደዚህ ዐይነቱ ቴያትር ቃሉ አስቀድሞ የተጻፈ ነው፤ ከተጻፈው መውጣት አይፈቀድም። በጨዋታ ቤት «ተቀበል» ብሎ ግጥም ለሚሰጣት ሰው እዚያው መልስ የመስጠት መብት የነበራት ሴት፥ በመድረክ ላይ ደራሲው ካዘዘላት በቀር ቃል የላትም። የምትቀበለው ከአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ያም ሰው በአዳራሹ ውስጥ ስለማይቀመጥ ልትመልስለት አትችልም። ይህ ከባድ ኪሳራ ነው፤ የቴያትር ታሪክ ጸሓፊዎችም በሚገባ አልመዘኑትም።

ትርፉም ትንሽ አልነበረም። አንደኛ፥ የሴት ነገር በሴት አንደበት መነገር ጀመረ። ወንድ ሴትን ሲጫወት ተመልካቹ የሚያየው ምስሏን ወይም መሳቂያዋን ነው፤ ሴት ስትጫወት ግን ገጸ ባሕርይዋ ሰው ትሆናለች። ሁለተኛ፥ ዘፋኝዋ ከጨዋታ ቤት ይዛ የመጣችው ዝቅ ያለና ልብ የሚነካ አነጋገር ለመድረኩ አዲስ ነገር ነበር። በ1960ዎቹ ዓመታት ጸጋዬ ገብረ መድኅንና የሥራ ባልደረቦቻቸው የከተማውን ተራ ሰው ኑሮና ቋንቋ ወደ መድረክ ሲያመጡ፥ እንዲህ ያለውን አነጋገር ለሚችል ተዋናይ ስፍራ እየሰፋ ሄደ። ከጨዋታ ቤትና ከሙዚቃ ክፍል የመጡት ተጫዋቾች ለዚህ ዝግጁዎች ሆነው መገኘታቸው በአጋጣሚ አይደለም። የሌላውን ሰው «እኔ» መሸከም የቀድሞ ሥራቸው ነበርና።

ይህ ነገር የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። በፓሪስ የምሽት ቤቶች ትዘፍን የነበረችው ኢቬት ጊልቤር (1865–1944) በዚያው ከተማ ከፍ ያለ ዝና ካገኘች በኋላ በሕመም ምክንያት ከመድረክ ርቃ ነበር። ስትመለስ የቀድሞውን የምሽት ቤት ዘፈን ብቻ ሳይሆን የጥንቱን የፈረንሳይ ሕዝብ ዘፈን እያጠናች ማሰማት ጀመረች። በ1926 ደግሞ ሙርናው ባዘጋጀው «ፋውስት» በተባለው ሲኒማ ተጫወተች። ፈረንሳዮች እንዲህ ያለችውን ዘፋኝ የሚጠሩት «ዘፋኝ» ብለው ሳይሆን «ተናጋሪ» የሚል ትርጕም ባለው ቃል ነው። በአማርኛ ለዚህ የሚሆን የተለየ ቃል የለም፤ ምክንያቱ ግን ነገሩ ስለሌለ አይደለም። «አዝማሪ» የሚለው ስም ሁሉንም፥ ዘፋኙንም፥ ገጣሚውንም፥ ተዋናዩንም፥ በአንድነት ይዞ ስለሚገኝ ነው። የስሙን ስፋት የወሰደው ደግሞ በላዩ የተጫነው ንቀት ነው።

በዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ተገቢም ነው። ዘፋኝ በየስንኙ ሰው ይለውጣል፤ ተዋናይ ግን አንድን ሰው ከመጋረጃው መከፈት እስከ መዘጋቱ ድረስ መያዝ አለበት። ገጸ ባሕርይ በጊዜ ውስጥ ያድጋል፥ ይወድቃል፥ ይለወጣል፤ በሁለት ስንኝ ውስጥ ግን እንደዚህ ያለ ዕድገት አይገኝም። ከዚህም ሌላ ተዋናይ ብቻውን አይደለም፤ የባልደረባውን ቃል እየሰማ መጫወት አለበት፤ ክራር የያዘች ዘፋኝ ደግሞ ከራሷ በቀር የምትጠብቀው ባልደረባ የላትም። ይህ እውነት ነው፤ ጥሩ ዘፋኝ ሁሉ ጥሩ ተዋናይ ይሆናል ማለትም አይቻልም። ነገር ግን ተቃውሞው የሚያረጋግጠው ሁለቱ ሥራዎች በርዝመትና በአደረጃጀት መለያየታቸውን እንጂ በመሠረት መለያየታቸውን አይደለም። ስለ አምባሰልና ስለ ትዝታ የተነገረው እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ ድምፆቹ አንድ ናቸው፥ ዕረፍቱ ይለያያል። ዘፋኝዋ ወደ ቴያትር ስትሄድ አዲስ አውታር አልጨመረችም፤ የነበራትን አውታር በሌላ ዕረፍት ላይ አሳረፈችው።

የወይዘሮ አስናቀች ድምፅ በሽምግልናቸው ዘመን እንደገና ወደ አድማጭ መመለሱ ለዚህ ፍርድ ተጨማሪ ማስረጃ ይሆናል። በ2003 ፍራንሲስ ፋልሴቶ በሚያዘጋጁት «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ እትም 16ኛው ክፍል ለእርሳቸው ተሰጥቶ «ባለክራሯ እመቤት» በሚል ትርጕም ባለው ርእስ ወጣ። በ2013 ደግሞ ራሔል ሳሙኤል ስለ ሕይወታቸው ያዘጋጀችው «አስኒ» የተባለው ዘጋቢ ፊልም ታየ። በዚህ ጊዜ ቴያትሮቻቸው ካለፉ ብዙ ዓመታት ሆኗቸዋል። የመድረክ ጨዋታ በተመልካች ትዝታ ካልሆነ በቀር አይቀመጥም፤ ሸክላውና ክሩ ግን ድምፁን ጠብቀውት ነበር። ከዚህም የተነሣ ዛሬ ስለ ተዋናይነታቸው ለመፍረድ የሚሻ ሰው ከማንም የተሻለ ማስረጃ የሚያገኘው በዘፈናቸው ነው። ዝቅ ያለ ሥራ ተብሎ የነበረው ከፍ ያለ ለተባለው ምስክር ሆኖ ቆመ።

ነገሩ የአንዲት ሴት ክብር ጕዳይ ብቻ አይደለም። ዘፋኝነት እንደ ነውር በተቈጠረበት ዘመን ወደ መድረክ የወጡ ሴቶች ሁለት ፍርድ ይጠብቃቸው ነበር፤ በጨዋታ ቤት ስለ ዘፈኑ ይነቀፋሉ፥ በቴያትር ቤት ደግሞ ከጨዋታ ቤት ስለ መጡ ይነቀፋሉ። ሌሎች ቤተ ሰቦች ሴት ልጃቸውን ለመድረክ ስላልፈቀዱ፥ ቴያትሩ የሚያስፈልጉትን ሴቶች ያገኘው ከእነዚሁ ከተናቁት ነው። ዛሬ ዘፋኝ ወደ ሲኒማ ስትገባ ነቀፋው ቀሏል፤ በ2005 በወጣው አልበሟ የታወቀችው ዘሪቱ ከበደ በ2014 «ቀሚስ የለበስኩለት» በተባለው ፊልም ስትጫወት ነገሩ እንደ ነውር አልታየም። ነገር ግን «ዘፋኝ ነበረች፤ ተዋናይ ሆነች» የሚለው አነጋገር አሁንም እንዳለ ነው፤ የቀድሞው ንቀት ከሰው ላይ ቢነሣም በቃሉ ውስጥ ተቀብሮ ቀርቷል።

ከዚህ ሒስ የሚወጣው ፍሬ ለመስክ ጥናት የሚያገለግል ነው። በሐይቅና በአምባሰል አገር ዘፈን የሚሰበስብ ተማሪ ግጥሙን ጽፎ፥ ዜማውንም ቀድቶ ቢመለስ ሥራውን በግማሽ ትቶት መጥቷል። ግጥሙን የሰጠው ማን እንደ ነበረ፥ ለማን እንደ ተሰጠ፥ ዘፋኝዋ ከየትኛው ስንኝ በኋላ እንዳረፈችና ምን ያህል እንዳስጠበቀች፥ ወደ ማን እንደ ዞረች፥ ማን እንደ ሣቀ፥ ማን እንዳቀረቀረ ሊመዘግብ ይገባዋል። የዘፋኝዋንም ስም እንደ ደራሲና እንደ ተዋናይ ስም በተገቢው ስፍራ ሊጽፍ ይገባዋል እንጂ «ከአንዲት አዝማሪ የተሰማ» ብሎ ማለፍ የለበትም። የሐይቅ ወንጌል ዘመኑና ባለቤቱ ተጽፎ ስለ ተገኘ ዛሬ ይመረመራል፤ የአምባሰል ዘፋኝም ቃል እንዲሁ ስሟና ቦታው፥ ጊዜውና አድማጩ ተጽፎ ካልቀረ፥ የሚመጣው ትውልድ የሚያገኘው አምስት ድምፅ ብቻ ይሆናል።